ድጋፍ ባለው መኖሪያ የሚኖሩ የአእምሮ ሕሙማን የኑሮ ጥራት፦ የእንግሊዝ አገር ጥናት ሂሳዊ ግምገማ

መግቢያ

ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰው ከሆስፒታል በሚወጣበት ዕለት የመድኃኒት ማዘዣው በእጁ ይሰጠዋል፤ የሚገባበት ቤት ግን ብዙ ጊዜ የማንም ኃላፊነት ሳይሆን ይቀራል። ይህን ክፍተት ለመሙላት በልዩ ልዩ አገሮች ድጋፍ ያለው መኖሪያ የሚባል አገልግሎት ተስፋፍቷል። በዚህ አገልግሎት ነዋሪው ምግብ ለማብሰል፣ ገንዘቡን ለመያዝ፣ መድኃኒቱን በሰዓቱ ለመውሰድና ከጎረቤት ጋር ተስማምቶ ለመኖር የሚያግዘው ሠራተኛ በዚያው ቤት ወይም በአቅራቢያው ይገኛል።

በሔለን ኪላስፒ መሪነት በእንግሊዝ አገር የተካሄደውና ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2016 ላንሴት ሳይካያትሪ በተባለው መጽሔት የወጣው ጥናት ይህን አገልግሎት በስፋት ከመረመሩት ሥራዎች አንዱ ነው። ጥናቱ በጥንቃቄ የተሠራ ነው። ሆኖም ያስገኘው ዋና ቁጥር፣ ማለትም የነዋሪዎች የኑሮ ጥራት ነጥብ፣ ሳይመረመር ቢወሰድ ወደ ተሳሳተ መደምደሚያ ሊያደርስ ይችላል። ነዋሪው «ረክቻለሁ» ማለቱ ብቻውን የቤቱን ጥሩነት አያረጋግጥም፤ የተከፋው ነዋሪም የሚኖርበት ቤት መጥፎ ነው ማለት አይደለም። የእርካታ ነጥብ ትርጉም የሚኖረው በራስ ጉዳይ ከመወሰን ነፃነትና ከማኅበራዊ ኑሮ ጋር ጎን ለጎን ሲነበብ ነው።

የጉዳዩ አመጣጥ

የመኖሪያ ቤት ጥያቄ የሕክምናውን ዓለም በብርቱ ማሳሰብ የጀመረው ትልልቆቹ የአእምሮ ሆስፒታሎች ሲዘጉ ነው። በለንደን የፍራየርንና የክሌይበሪ ሆስፒታሎች እንዲዘጉ ሲወሰን፣ በጁሊያን ሌፍ የሚመራ የጥናት ቡድን እ.ኤ.አ. በ1985 ተቋቁሞ ለረጅም ዓመታት በሆስፒታሎቹ የኖሩ ታካሚዎችን ወደ ኅብረተሰቡ ሲወጡ ተከታተለ። ከ670 ታካሚዎች ጋር የተደረገው የ5 ዓመት ክትትል ብዙዎች ከፈሩት የተለየ ውጤት አሳየ። የሞትና ራስን የማጥፋት መጠን አልጨመረም፤ ጎዳና ላይ የወደቁትም በጣም ጥቂት ነበሩ። የሕመሙ ምልክቶች በአብዛኛው እንዳሉ ቢቆዩም ታካሚዎቹ የቤት ሥራና የዕለት ኑሮ ክሂል አገኙ፤ ወዳጅና ምሥጢር የሚያካፍሉት ሰው አፈሩ፤ አብዛኞቹም በሚኖሩበት ቤት ለመቆየት እንደሚፈልጉ ተናገሩ።

ከዚህ ውጤት የሚገኘው ትምህርት ትልቅ ነው። የሕመሙ ምልክት ሳይለወጥ ኑሮ ሊለወጥ ይችላል፤ ስለዚህ የምልክት መለኪያ ለብቻው የታካሚውን ኑሮ አይገልጽም። የኑሮ ጥራት መመዘኛዎች ወደ አእምሮ ሕክምና የገቡትም በዚሁ ምክንያት ነበር።

በሌላ በኩል፣ ከሆስፒታል መውጣት ብቻውን ነፃነት አለመሆኑ ቀድሞ ታይቷል። በጣሊያን እ.ኤ.አ. በ1978 የወጣው 180ኛው ሕግ የአእምሮ ሆስፒታሎችን በሂደት እንዲዘጉ አድርጓል። እ.ኤ.አ. በ2000 በተደረገ አገር አቀፍ ቆጠራ ግን 17,138 አልጋዎች ያሏቸው 1,370 የመኖሪያ ተቋማት ተገኝተዋል። እያንዳንዱ ተቋም በአማካይ ከ12 እስከ 13 ሰው የሚይዝ ሲሆን፣ አብዛኛው ሌት ተቀን ሠራተኛ የማይለየው ነበር። ከእነዚህ ቤቶች ወጥቶ ራሱን ችሎ ወደሚኖርበት ቤት የሚሄደው ሰው ጥቂት ነበር። የግቢው ስፋት ቢቀንስም ነዋሪው እንደ ቀድሞው በሌላ ሰው ቤት የሚኖር ሰው ሆኖ ቀርቷል።

ጥናቱ ምን አደረገ? ምንስ አገኘ?

የእንግሊዝ አገር አገልግሎት በሦስት ይከፈላል። የመጀመሪያው የእንክብካቤ ማረፊያ ቤት ነው። በዚህ ቤት ነዋሪዎች በጋራ ይኖራሉ፤ ምግብ ይቀርብላቸዋል፤ መድኃኒታቸውን ሠራተኛ ይቆጣጠራል፤ የመውጫ ቀን አይቆረጥላቸውም። ሁለተኛው ድጋፍ ያለው መኖሪያ ነው። ነዋሪው የራሱ ወይም ከጥቂት ሰዎች ጋር የሚጋራው የኪራይ ቤት ይኖረዋል፤ ሠራተኞች በቦታው ይገኛሉ፤ ብዙውን ጊዜም በሁለት ዓመት ገደማ ወደ ሌላ ቤት እንዲዛወር ይጠበቃል። ሦስተኛው የቤት ለቤት ድጋፍ ሲሆን፣ ሰውየው በራሱ ቤት እየኖረ ሠራተኛ በሳምንት ለጥቂት ሰዓታት እየመጣ ያግዘዋል።

አጥኚዎቹ እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2013 እስከ ጥቅምት 2014 ባለው ጊዜ ከ87 አገልግሎት ሰጪዎች 619 ነዋሪዎችን አነጋገሩ። ከአገልግሎት ሰጪዎቹ 22ቱ የእንክብካቤ ማረፊያ ቤቶች፣ 35ቱ ድጋፍ ያላቸው መኖሪያዎች፣ 30ዎቹ ደግሞ የቤት ለቤት ድጋፍ የሚሰጡ ነበሩ። ከነዋሪዎቹ 57 በመቶው ራሳቸውን ችላ ብለው ለከባድ ጉዳት ሊጋለጡ ይችላሉ ተብለው የተገመቱ ሲሆን፣ 37 በመቶው ደግሞ ባለፉት 12 ወራት በሌሎች ለመበዝበዝ የተጋለጡ ነበሩ። እነዚህ ሁለት ቁጥሮች የአገልግሎቱን ተጠቃሚዎች ማንነት ይናገራሉ። ቤቱ የሚጠብቃቸው ከዝናብና ከብርድ ብቻ አይደለም፤ የገዛ ሕመማቸው ከሚያስከትለው መጎሳቆልና ከሰው ክፋትም ጭምር ነው።

የአገልግሎት ጥራት ከሁሉም የተሻለ ሆኖ የተገኘው ድጋፍ ባለው መኖሪያ ነው። በዚህና በቤት ለቤት ድጋፍ የሚኖሩ ሰዎች በእንክብካቤ ማረፊያ ቤት ካሉት ይልቅ ከማኅበራዊ ኑሮ ጋር የተቀላቀሉ ቢሆኑም የወንጀል ሰለባ የሆኑትም እነርሱ ይበዛሉ። የኑሮ ጥራትን በሚመለከት ግን፣ ልዩ ልዩ ማስተካከያዎች ከተደረጉ በኋላ፣ በእንክብካቤ ማረፊያ ቤትና ድጋፍ ባለው መኖሪያ መካከል ትርጉም ያለው ልዩነት አልታየም። ዝቅተኛው ነጥብ የተመዘገበው በራሳቸው ቤት እየኖሩ የቤት ለቤት ድጋፍ በሚያገኙት ዘንድ ነው። በራስ ጉዳይ የመወሰን ነፃነት ደግሞ ድጋፍ ባለው መኖሪያ ከእንክብካቤ ማረፊያ ቤት ከፍ ብሎ ተገኝቷል።

የጥናቱ ጠንካራ ጎኖች

ጥናቱ አንድ ነገር ብቻ ለክቶ አለመቆሙ ሊመሰገን ይገባል። እርካታን፣ የመወሰን ነፃነትን፣ ማኅበራዊ ተሳትፎን፣ የአገልግሎቱን ጥራትና ወጪውን በአንድነት ይዟል። ከተለያዩ የአገሪቱ አካባቢዎች መረጃ መሰብሰቡም የአንድ ከተማን ልማድ የአገር ልማድ አድርጎ ከማቅረብ አድኖታል። ከሁሉም በላይ ተጠያቂዎቹ ነዋሪዎቹ ራሳቸው ናቸው፤ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰው ስለ ኑሮው ሊጠየቅና ሊታመን እንደሚችል በተግባር አሳይቷል። እነዚህ ጎኖች በመኖራቸው ነው ቀጥሎ የሚቀርቡትን ጥያቄዎች ማንሳት የሚቻለው፤ ጥናቱ እርካታን ብቻ ለክቶ ቢሆን ኖሮ ጥያቄዎቹን የሚያስነሣ መረጃ አይገኝም ነበር።

እርካታ ምን ይለካል?

የመጀመሪያው ጥያቄ የመመዘኛውን ባሕርይ ይመለከታል። በጥናቱ የተሠራበት የማንቸስተር አጭር የኑሮ ጥራት መመዘኛ እ.ኤ.አ. በ1999 በፕሪብና በባልደረቦቹ የተዘጋጀ ነው። ተጠያቂው ስለ ሥራው፣ ስለ ገንዘቡ፣ ስለ ወዳጆቹ፣ ስለ መኖሪያው፣ ስለ ደኅንነቱ፣ ስለ ቤተሰቡና ስለ ጤናው ምን ያህል እንደረካ ከ1 እስከ 7 ባለው መስፈሪያ ይመልሳል። የእርካታ ጥያቄዎቹ 12 ናቸው። ከእነርሱ ሌላ «አዎ» ወይም «አይደለም» ተብለው የሚመለሱ 4 ጥያቄዎች አሉ፤ ከእነዚህም መካከል የቅርብ ወዳጅ መኖሩንና ባለፈው ሳምንት ወዳጅ ማግኘቱን የሚጠይቁት ይገኛሉ። አማካይ ነጥቡ የሚሰላው ከ12ቱ የእርካታ ጥያቄዎች ብቻ ነው። ስለዚህ ሰውየው ወዳጅ የሌለው ቢሆንና «ስለ ወዳጆችህ ምን ያህል ረክተሃል?» ሲባል «ረክቻለሁ» ቢል፣ ብቸኝነቱ ከነጥቡ አይቀነስም።

ይህ ችግር አዲስ አይደለም። አንቶኒ ሌማን እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ በሎስ አንጀለስ በሚገኙ 30 ትልልቅ ማረፊያ ቤቶች የሚኖሩ 278 የአእምሮ ሕሙማንን አነጋግሮ ነበር። አብዛኞቹ በብዙው የኑሯቸው ዘርፍ በመጠኑ እንደረኩ ተናገሩ፤ ቅሬታቸው የተከማቸው በገንዘብ፣ በሥራ ማጣት፣ በደኅንነትና በሰው ግንኙነት ላይ ነበር። ከዚያ ወዲህ በተደረጉ ብዙ ጥናቶችም በሰው ኑሮ ተጨባጭ ሁኔታና በእርካታው መካከል ያለው ዝምድና ደካማ መሆኑ፣ የድብርት ስሜት ግን የእርካታን ነጥብ በጉልህ እንደሚቀንስ ተረጋግጧል። ሰው ምኞቱን በያዘው ልክ ይቆርጣል። አሥር ዓመት በአንድ ግቢ የኖረ ሰው ስለ ክፍሉ ሲጠየቅ የሚያነጻጽረው ከትናንቱ ክፍል ጋር እንጂ ሊኖረው ይችል ከነበረው ቤት ጋር አይደለም።

በዚህ ዓይን ሲታይ የእንግሊዝ አገሩ ውጤት ሌላ መልክ ይይዛል። በራሱ ቤት ብቻውን የሚኖረው ሰው ነጥቡ ያነሰው ቤቱ ስላልተስማማው ሊሆን ይችላል። ነገር ግን የኪራይ ሂሳብ፣ የጎረቤት ጠብና የባዶ ቤት ምሽት ምን እንደሆኑ ስላወቀና ኑሮውን ከጤነኛ ጎረቤቱ ኑሮ ጋር ማወዳደር ስለጀመረም ሊሆን ይችላል። በእንክብካቤ ማረፊያ ቤት ያለው ሰው ደግሞ የተሻለ ነጥብ የሰጠው ኑሮው ጥሩ ስለሆነ ወይም ሌላ ኑሮ መመኘት ስላቆመ ሊሆን ይችላል። የእርካታው ቁጥር እነዚህን አይለይም። ድጋፍ ባለው መኖሪያ የሚኖሩት በእርካታ ሳይለዩ በመወሰን ነፃነት መብለጣቸው ግን ሁለቱ መለኪያዎች አንድ ነገር እንደማይለኩ በግልጽ ያሳያል።

ማስተካከያውና የነዋሪዎች ምደባ

ሁለተኛው ጥያቄ ስለ ስሌቱ ነው። አጥኚዎቹ ሦስቱን የአገልግሎት ዓይነቶች ሲያነጻጽሩ የነዋሪዎቹን ዕድሜ፣ ሕመምና የመሳሰለውን ብቻ ሳይሆን የአገልግሎቱን ጥራት ጭምር አስተካክለዋል። የሕመም ክብደትን ማስተካከል ተገቢ ነው። የጥራት ማስተካከያው ግን አጠያያቂ ነው፤ አንድ የመኖሪያ ዓይነት የነዋሪውን ኑሮ የሚያሻሽለው በተሻለ ጥራቱ በኩል ከሆነ፣ ጥራቱን በስሌት ማስወገድ ዓይነቱ ያስገኘውን ጥቅም በከፊል እንደ መደምሰስ ይቆጠራል። ድጋፍ ያለው መኖሪያ በጥራት ብልጫ ካሳየ በኋላ በኑሮ ጥራት «ልዩነት የለውም» መባሉ በከፊል ከዚህ የመጣ ሊሆን ይችላል። በተጨማሪም የአገልግሎቱን ጥራት መጠይቅ የሞሉት የየአገልግሎቱ ኃላፊዎች ናቸው። መጠይቁ አስቀድሞ የተፈተነ ቢሆንም የኃላፊው ዓይንና የነዋሪው ዓይን ሁልጊዜ አንድ ነገር አያዩም።

ሦስተኛውና ከባዱ ጥያቄ ማን የት እንደሚመደብ የሚወስነው ነገር ነው። ጥናቱ በአንድ ወቅት የተወሰደ መረጃ በመሆኑ፣ ሰዎቹ በቤቱ ምክንያት እንዲህ ሆኑ ወይስ እንዲህ ስለነበሩ ወደዚያ ቤት ተላኩ የሚለውን አይፈታም። ይህን ለመፍታት ተመራማሪዎቹ ሰዎችን በዕጣ ወደ ድጋፍ ያለው መኖሪያ ወይም ወደ ቤት ለቤት ድጋፍ የሚመድብ የሙከራ ጥናት ጀምረው ነበር። 1,432 ሰዎች ቢታዩም በዕጣ ለመመደብ የተገኙት 8 ብቻ ሆኑ። ባለሙያዎች ታካሚው ከብዙ ድጋፍ ወደ ጥቂት ድጋፍ ደረጃ በደረጃ መውረድ አለበት ብለው ስለሚያምኑ፣ ቀጥታ ወደ ራሱ ቤት መግባቱን ለዕጣ አሳልፈው መስጠት አልፈለጉም። የደረጃ በደረጃው መንገድ ትክክል መሆኑ አልተፈተነም፤ መፈተኑን ያስቀረውም ትክክል ነው የሚለው እምነት ነው። የጤና ባለሙያ ከዚህ ሊማረው የሚገባ ነገር አለ። «ገና አልደረሰም» የሚለው ፍርድ እንደ ማንኛውም የሕክምና ውሳኔ ማስረጃ ሊጠየቅበት ይገባል።

የካናዳው ተሞክሮ ይህን ያጠናክራል። እ.ኤ.አ. ከ2009 እስከ 2013 በአምስት ከተሞች በተካሄደው ትልቅ ጥናት ቤት አልባ የአእምሮ ሕሙማን ምንም ቅድመ ሁኔታ ሳይጣልባቸው ቀጥታ ወደ ራሳቸው የኪራይ ቤት ገብተው ድጋፍ ተሰጣቸው። መካከለኛ የድጋፍ ፍላጎት ያላቸውን 1,198 ሰዎች የተመለከተውና እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው ውጤት እንዳሳየው፣ በ24 ወራት ውስጥ በቤት ጸንቶ የመኖር ዕድላቸው ከንጽጽር ቡድኑ በብዙ በልጧል። ስለዚህ «ሳይዘጋጅ ቤት ቢሰጠው አይጸናም» የሚለው ሥጋት አልተረጋገጠም። በአጠቃላይ የኑሮ ጥራት መለኪያ ግን በሁለቱ ቡድኖች መካከል ትርጉም ያለው ልዩነት አልተገኘም። ቁልፍ ማግኘት ቤት ውስጥ ያጸናል፤ ወዳጅ፣ ሥራና ገቢ ግን ከቁልፉ ጋር አይመጡም።

መዛወር ስኬት ነውን?

የእንግሊዝ አገሩ ቡድን ነዋሪዎቹን ለ30 ወራት ተከታትሎ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2020 አውጥቷል። የስኬት መስፈርቱ ሰውየው ወደ አነስተኛ ድጋፍ መሸጋገሩ ወይም በአነስተኛ ድጋፍ ጸንቶ መኖሩ ነው። በዚህ መስፈርት ከእንክብካቤ ማረፊያ ቤት 10 በመቶው፣ ድጋፍ ካለው መኖሪያ 39 በመቶው፣ ከቤት ለቤት ድጋፍ ደግሞ 67 በመቶው ተሳክቶላቸዋል። የነዋሪውን ሰብአዊ መብት በሚያስከብሩና በማገገሙ ላይ በሚያተኩሩ አገልግሎቶች ውስጥ የነበሩት የበለጠ ተሳክቶላቸዋል። ይህ ለማንኛውም አገር የሚጠቅም ግኝት ነው፤ የሰው ክብር የሚጠበቅበት ቤት ሰውን ወደ ፊት ያራምዳል።

ይሁን እንጂ መስፈርቱ የአገልግሎቱን ፍላጎት እንጂ የነዋሪውን ፍላጎት አይገልጽም። ለከፋዩ መንግሥት አነስተኛ ድጋፍ አነስተኛ ወጪ ነው። ለነዋሪው ግን መዛወር ማለት በሁለት ዓመት ውስጥ ያፈራውን ጎረቤት፣ የለመደውን ሱቅና የሚያውቀውን ሠራተኛ ትቶ መሄድ ነው። የሌፍ ቡድን ካነጋገራቸው ሰዎች አብዛኞቹ በቤታቸው መቆየት እንደፈለጉ ከላይ ተጠቅሷል። ድጋፉ እየቀነሰ ሰውየው በዚያው ቤት የሚቆይበት አሠራር ካልተበጀ፣ በደረጃው የተሳካለት ሰው በኑሮ ጥራቱ ሊከስር ይችላል።

ለኢትዮጵያ የጤና ባለሙያ ያለው ትርጉም

በኢትዮጵያ የአእምሮ ሕሙማን ዋነኛ ድጋፍ ያለው መኖሪያ የቤተሰብ ቤት ነው። ቤተሰብ ሲደክም ወይም ሲያልቅ የሚቀረው ጎዳና ወይም የበጎ አድራጎት ማዕከል ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 በታተመ ጥናት በአዲስ አበባ ጎዳና ከሚኖሩ 217 ሰዎች መካከል 41 በመቶው የሳይኮሲስ ሕመም ምልክት ተገኝቶባቸዋል፤ ከእነዚህም ሕክምና ያገኙት ከ10 አንድ ያህሉ ብቻ ነበሩ። እንደ መቄዶንያ ያሉ ማዕከላት ጎዳና ላይ የወደቁትን አንሥተው ሲጦሩ የቆዩት በዚህ ሁኔታ ውስጥ ነው። በሌላ በኩል በሶዶ ወረዳና አካባቢው ስኪዞፍሬንያ ያለባቸው 166 ሰዎች የተካተቱበትና እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው ጥናት እንዳመለከተው፣ የሠለጠኑ የአካባቢ ሠራተኞች ቤት ድረስ እየሄዱ የሚሰጡት ተሐድሶ በጤና ተቋም ከሚሰጠው ሕክምና ጋር ሲጣመር የሕሙማኑን የዕለት ተዕለት አቅም ያሻሽላል። በመንፈሱ ከእንግሊዝ አገሩ የቤት ለቤት ድጋፍ ጋር የሚቀራረብ ሥራ ነው።

በእነዚህ ቤቶች የኑሮ ጥራትን ለመለካት የሚነሣ ባለሙያ የእርካታ መጠይቅን ተርጉሞ ከማሰራጨቱ በፊት ሊያስብበት የሚገባ ነገር አለ። «እንዴት ነህ?» የተባለ ሰው «እግዚአብሔር ይመስገን» ወይም «አልሐምዱሊላህ» ብሎ መመለሱ የእምነትና የአክብሮት ወግ ነው፤ ከ1 እስከ 7 ባለው መስፈሪያ ላይ ቢሰፍር ግን ከፍተኛ እርካታ ሆኖ ይቆጠራል። የሚጦረው ሰው ደግሞ ያጎረሰን እጅ የነከሰ እንዳይባል ይሠጋል። ጠያቂው የቤቱ ሠራተኛ ከሆነ ሥጋቱ ይብሳል።

ስለዚህ ከስሜት ጥያቄ ይልቅ ተጨባጭ የሆኑት ይቅደሙ። የክፍሉ ቁልፍ በማን እጅ ነው? ገንዘቡን የሚይዘው ማን ነው? የሚበላበትንና የሚተኛበትን ሰዓት የሚወስነውስ? በፈለገ ጊዜ ወጥቶ መመለስ ይችላል? ባለፈው ሳምንት ማን ጠየቀው? ዕድር አለው? ለቅሶ ይደርሳል? ጎረቤት ቡና ይጠራዋል? መጠይቁን የሚያቀርበው በቤቱ ደመወዝ የማያገኝ ሰው ይሁን፤ ጥያቄውም ሠራተኛ በማይሰማበት ቦታ ይቅረብ። የእርካታ ጥያቄ ከእነዚህ በኋላ ሲመጣ መልሱ የሚታይበት ብርሃን ያገኛል።

ማጠቃለያ

የእንግሊዝ አገሩ ጥናት ስለ ድጋፍ ያለው መኖሪያ ካሉት ሥራዎች መካከል ሰፊና ታማኝ ከሆኑት የሚመደብ ነው። ይሁን እንጂ የኑሮ ጥራት ነጥቦቹ በእንክብካቤ ማረፊያ ቤትና ድጋፍ ባለው መኖሪያ ስለተቀራረቡ ሁለቱ እኩል ናቸው ወይም በራስ ቤት መኖር ይጎዳል ብሎ መደምደም አይገባም። ነጥቡ ዝቅ ያለው ነዋሪ ብዙ ጊዜ የሚያመለክተው ቤት ተሰጥቶት ወዳጅ፣ ሥራና ገቢ ያልተሰጠው መሆኑን ነው፤ መድኃኒቱም ወደ ግቢ መመለስ ሳይሆን የጎደለውን መሙላት ነው። መጠለያ ለሚያቋቁሙ፣ ለሚጎበኙና ታካሚ ወደዚያ ለሚልኩ የጤና ባለሙያዎች የሚቀረው ሥራ ግልጽ ነው፦ ነዋሪው መርካቱን ከመመዝገብ አስቀድሞ ምን ሊመርጥ እንደሚችል መጠየቅ፣ መልሱም «ምንም» ከሆነ የእርካታውን ነጥብ የቤቱ ምስጋና አድርጎ አለመቁጠር።